ኪራይ፣ ታሪፍ፣ ታርጋ፦ የአማርኛ ቃላት ዘመዶች በስፔን ባሕር ዳርቻ

ማላጋ አውሮፕላን ጣቢያ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ተረክቦ ወደ መኪና አከራዮቹ ሲያመራ ከፊቱ የሚያገኘው ጽሑፍ «አልኪሌር ዴ ኮቼስ» ይላል። በስፓኒሽ «የመኪና ኪራይ» ማለት ነው። ከጀርመንም ከስዊድንም ለበጋ ዕረፍት ወደዚያ የሚወርደው ሐበሻ ምልክቱን ተከትሎ ያልፋል እንጂ ቆም ብሎ የመጀመሪያውን ቃል አይመረምረውም። ቢመረምረው ዘመዱን ያገኝ ነበር። «አልኪሌር» እና የእኛ «ኪራይ» ከአንድ የዐረብኛ ቃል የተወለዱ ናቸው።

ይህ ዝምድና ብቻውን የቆመ አይደለም። በስፔን ዳርቻ መኪና ተከራይቶ የሚነዳ ሰው ከውሉ ወረቀት አንሥቶ እስከ ነዳጅ ማደያው፣ ከማደያው እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ የሚያጋጥሙት ብዙ ቃላት ወደ አማርኛም ገብተዋል። የገቡትም በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የዐረብኛ መንገድ ነው፤ ወደ ስፔን በጊብራልታር ወሽመጥ በኩል፣ ወደ እኛ በቀይ ባሕር ንግድ በኩል መጣ። ሁለተኛው የጣልያንኛ መንገድ ነው፤ ከላቲን የወጡትን የስፓኒሽ ቃላት እኅቶች በጋራዥ በር አስገባልን። ሁለቱን መንገዶች ስንከተል አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ቃልን ከአገር አገር ያሻገረው በአብዛኛው ነጋዴው፣ ጭነት ነጂውና መካኒኩ ነው።

ኪራይ

በዐረብኛ «ኪራእ» ማለት አንድን ነገር ለጊዜው በዋጋ ሰጥቶ መልሶ መረከብ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «ሙካሪ» የሚለው ስም የሥራውን ጥንታዊ መልክ ያሳያል፤ ሙካሪ በቅሎ፣ አህያ ወይም ግመል ለመንገደኛና ለጭነት የሚያከራይ ሰው ነው። ዐረቦችና በርበሮች በ711 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ተሻግረው ወደ ስፔን ሲገቡ ቃሉም ባለሙያውም አብረው ገቡ። «ሙካሪ» በስፓኒሽ አፍ «አልሞክሬቤ» ሆነ፤ በቅሎ ነጂ ማለት ነው። ፖርቱጋሎች ደግሞ «አልሞክሬቬ» ይሉታል። «ኪራእ» በበኩሉ መነሻው ላይ «አል» የተባለውን የዐረብኛ መስተአምር እንደ ያዘ «አልኪራ» ተባለ፤ ውሎ አድሮ መሐል ያለችው «ረ» ወደ «ለ» ዞራ «አልኪሌ»፣ በመጨረሻም ሌላ «ር» ታክላበት «አልኪሌር» ሆነ። ዛሬ ማላጋ አውሮፕላን ጣቢያ ባንኮኒው ላይ ቁልፍ የሚያስረክበው ሠራተኛ የሙካሪዎቹን ሥራ ወርሷል። በቅሎው በመኪና ተተካ፤ የሥራው ስም ግን አልተነካም።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ቃሉ «አል»ን ጥሎ መጣ። ይህ የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት በብዙ ቃላት ላይ ይታያል። ስፓኒሽ የዐረብኛውን መስተአምር ከስሙ ጋር አጣብቆ ሲወስድ፣ አማርኛ ስሙን ብቻ ወስዶ በራሱ እርባታ ያረባዋል። «ኪራይ»ም እንዲሁ ሆኖ «ተከራየ» እና «አከራየ»፣ «ተከራይ» እና «አከራይ» የሚል ሙሉ ቤተሰብ አፈራ። ዐረብኛም ሰጪውን «አክራ»፣ ተቀባዩን «ኢክተራ» እያለ ስለሚለይ፣ አማርኛ በዚህ ነገር ከስፓኒሽ ይልቅ ለእናት ቃሉ ይቀርባል። ስፓኒሽ ግን «አልኪላር» የሚል አንድ ግሥ ብቻ አለው። ቤት የሚያከራየውም የሚከራየውም በዚያው ግሥ ይናገራሉ፤ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደ ሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ይታወቃል።

ከኪራዩ ጋር አብሮ የተጓዘ ሌላም ቃል አለ። ጭነት የያዘው የነጋዴ ሰልፍ በዐረብኛ «ቃፊላ» ይባላል። አማርኛ «ቅፍለት» አለው፤ ስፓኒሽ «ካፊላ»። የድሮ ነጋድራሶቻችን ቅፍለት እየመሩ ወደ ምፅዋና ወደ ዘይላ ሲወርዱና የአንዳሉስ፣ ማለትም በዐረቦች ሥር የነበረችው ስፔን፣ በቅሎ ነጂዎች ከግራናዳ ወደ ማላጋ ወደብ ሲወርዱ ሥራቸውን በአንድ ስም ይጠሩት ነበር።

የስፔኑ ወገን ታሪክ ይህን ያህል ሊታወቅ የቻለበት ምክንያት መነገር አለበት። ግራናዳ በ1492 እ.ኤ.አ. ከወደቀች ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1505፣ ፔድሮ ዴ አልካላ የተባለ መነኩሴ የግራናዳ ሰዎች በቤትና በገበያ የሚናገሩትን ዐረብኛ በመዝገበ ቃላት አሳተመ። የጻፈው የሊቃውንቱን ዐረብኛ ሳይሆን ተራው ሰው የሚናገረውን ነበር። የዛሬ ሊቃውንት የስፓኒሽ ቃላትን አመጣጥ ሲመረምሩ ደጋግመው ወደዚያ መጽሐፍ ይመለሳሉ።

ታሪፍ እና ጠረፍ

የኪራይ ውሉ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ዋጋ «ታሪፋ» ይባላል። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፤ በየሚኒባሱ ስለ «ታሪፍ» ሲነጋገር ይውላል። ምንጩ የዐረብኛው «ተዕሪፋ» ሲሆን ከ«ዐረፈ» ማለትም «ዐወቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ትርጉሙ «ማሳወቂያ» ነው፤ የጉምሩክ ሹም ለነጋዴው የየዕቃውን ቀረጥ የሚያሳውቅበት ዝርዝር። ቃሉ በሜዲትራኒያን ወደቦች ዞሮ በስፓኒሽ «ታሪፋ»፣ በጣልያንኛ «ታሪፋ»፣ በፈረንሳይኛ «ታሪፍ» ሆነ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በስፔን ደቡባዊ ጫፍ፣ የአውሮፓ ዋና ምድር በሚያበቃበት ቦታ፣ ታሪፋ የምትባል ከተማ አለች። የባሕር ወንበዴዎች እዚያ ሆነው ከሚያልፈው መርከብ ሁሉ ግብር ይቀበሉ ስለ ነበር የዋጋ ዝርዝር ስሙን ከከተማይቱ አገኘ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ጆሮ የሚጥም ቢሆንም ልክ አይደለም። የከተማይቱ ስም በ710 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አሰሳ መርቶ ከተሻገረው ከጠሪፍ ኢብን ማሊክ ስም የመጣ ነው። የጦር መሪው ስም በጠንካራው «ጠ» ይጀምራል፤ የዋጋው ቃል ግን ሥሩ «ዐ-ረ-ፈ» ነው፣ መነሻው ላይ ያለው «ተ» እርባታ ያመጣው ነው። ስፓኒሽ «ጠ»ንም «ዐ»ንም ስለማያውቅ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን ወለል አድርጎ ያሳያል።

የጠሪፍ ስም ሥር የሆነው «ጠ-ረ-ፈ» ደግሞ በአማርኛ «ጠረፍ» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። በዐረብኛ «ጠረፍ» ጫፍ፣ ዳር ማለት ነው። የአውሮፓን ጠረፍ የያዘችው ከተማ ከ«ጠረፍ» ጋር የሚገጥም ስም መያዟ ያስገርማል፤ ሆኖም ከተማይቱ የተጠራችው በሰው ስም ነው፣ ከቦታው አቀማመጥ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። የሥርወ ቃል ጥናት ከጨዋታ የሚለየው ደስ የሚለውን አጋጣሚ ከተረጋገጠው ዝምድና ለይቶ በማስቀመጡ ነው።

ጋሻ የነበረው ካርድ

አከራዩ ቀጥሎ «ታርኼታ» ይጠይቃል። ካርድ ማለቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በነጂው ስም የወጣ የክሬዲት ካርድ ይፈልጋል። «ታርኼታ» ከፈረንሳይኛው «ታርዤት» የመጣ ሲሆን «ትንሽ ጋሻ» ማለት ነበር። ትልቁ ጋሻ «ታርዥ» ይባላል፤ ሥሩም የፍራንኮች ጀርመናዊ ቋንቋ ነው። በመካከለኛው ዘመን የቤተሰብ ዓርማ የሚሣለው በጋሻ ላይ ነበር። ከዚያ የጋሻ ቅርጽ ያለው፣ ጽሑፍና ዓርማ የሚያርፍበት ሰሌዳ ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። ትንሹ ሰሌዳ በስፓኒሽ ወደ ካርድነት ዞረ። ትልቁ ደግሞ በጣልያንኛ «ታርጋ» ተብሎ የመኪና መለያ ሰሌዳ ሆነ፤ እኛም ከጣልያኖች «ታርጋ» ብለን ወሰድነው። ስለዚህ መንገደኛው በእጁ የያዘው ካርድ ስምና የእኛ አገር መኪና ከኋላው የሚለጥፈው ሰሌዳ ስም ከአንድ ጋሻ የተወለዱ ናቸው።

ስፔኖች ግን ታርጋን «ታርጋ» አይሉትም፤ «ማትሪኩላ» ነው የሚሉት። ከ2000 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ጀምሮ አዲሱ የስፔን ታርጋ አራት ቁጥርና ሦስት ፊደል ብቻ ይይዛል፤ መኪናው የየትኛው ክፍለ አገር እንደ ሆነ አይናገርም። «ማትሪኩላ» የላቲን ቃል ነው፤ ስም የሚመዘገብበት ትንሽ መዝገብ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ መግባትም በዚያው ቃል ይጠራል። በእንግሊዝኛ በኩል ወደ እኛ መጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናን «ማትሪክ» አሰኘ። ማትሪክ የወሰደ ሰው ሁሉ እንግዲህ የስፔን ታርጋን ስም ያውቀዋል።

ዋስትናና ጉዳት

ካርዱ የተፈለገው ለ«ፊያንሳ» ነው። ፊያንሳ መያዣ ነው፤ አከራዩ ካርዱ ላይ የሚያግደውና መኪናው በደኅና ሲመለስ የሚለቀው ገንዘብ። «ፊያር» ከሚለው «ማመን» ከሚል ግሥ ይወጣል። የኢንሹራንሱ ስም «ሴጉሮ» ነው። ላቲኑ «ሴኩሩስ» ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ «ሴ» ያለ፣ «ኩራ» ጭንቀት። ሴጉሮ የገባ ሰው እንግዲህ በቃሉ ሥር መሠረት ሐሳብ የሌለበት ሰው ነው። አማርኛ በዚህ ላይ የራሱን መንገድ ሄዷል። «መድን» የግዕዙ «መድኅን» ልጅ ነው፤ ሥሩ «ድኅነ» ማለትም «ዳነ» ነው። ላቲኑ ከጉዳቱ በፊት ያለውን የልብ ዕረፍት ሲሰይም ግዕዙ ከጉዳቱ በኋላ የሚመጣውን መዳን ሰየመ።

ከሁሉ የበለጠ ታሪክ ያለው ግን የጉዳቱ ስም ነው። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ወይም አንዳች ነገሩ ሲበላሽ ስፔኖች «አቤሪያ» ይላሉ። ቃሉ ከካታላንኛ የመጣ ሲሆን ካታላኖች የወሰዱት ከዐረብኛው «ዐዋሪያ» ነው፤ በመርከብ ላይ የተበላሸ ሸቀጥ። ሥሩ «ዐዋር» ነው፤ እንከን፣ ጉድለት። ከዚሁ ሥር «አዕወር» አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው። ግዕዝ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ደርሶ የሚያስታውሰው ቃል አለ፦ «ዕውር»። ዐረብኛውና ግዕዙ አንዱ ከሌላው አልተበዳደሩም፤ ሁለቱም ከጥንታዊው ሴማዊ ሥር በየራሳቸው ወረሱት። ስለዚህ «አቤሪያ» ከ«ኪራይ» የሚለይ ዝምድና አለው። ኪራይ በንግድ የመጣ ውሰት ነው፤ የ«አቤሪያ» እና የ«ዕውር» ዝምድና ግን የደም ነው።

የቃሉ ጉዞ በዚህ አላበቃም። በባሕር ሕግ መርከብን ከመስጠም ለማዳን የአንዱ ነጋዴ ዕቃ ወደ ባሕር ቢጣል ኪሳራውን ባለ ዕቃዎቹ ሁሉ በየድርሻቸው ይከፍላሉ። ይህን የጉዳት ማካፈል ሥርዓት እንግሊዞች «አቬሬጅ» አሉት፤ ከዚያም ማንኛውንም ለሁሉ የሚካፈል መካከለኛ ቁጥር በዚሁ ስም ጠሩት። የእኛ ተማሪዎች ካርድ ሲቀበሉ «አቬሬጅህ ስንት ነው?» የሚባባሉበት ቃል የወጣው ማዕበል ከመታው መርከብ ነው።

ጋራዡ ያመጣልን

ቁልፉን ተረክቦ ወደ መኪናው የሚሄድ ሰው ከዐረብኛው መንገድ ወደ ጣልያንኛው ይሻገራል። ስፔን ውስጥ መኪና «ኮቼ» ነው። ስሙ የተገኘው በሃንጋሪ ካለች «ኮች» ከተባለች መንደር ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለረጅም መንገድ የሚመች ቀላል ሠረገላ የሚሠራባት መንደር ነበረች፤ ሃንጋሮች «የኮች ሠረገላ» ሲሉ «ኮቺ» ይሉታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሠረገላውና ስሙ ስፔን ደረሱ፤ ሞተር የገባለት ጊዜም ስሙ አልተለወጠም። ዛሬ የስፖርት ወዳጆቻችን «ኮች» የሚሉት የአሰልጣኝ ስምም የዚሁ መንደር ልጅ ነው፤ የእንግሊዝ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስተማሪ ወደ ግቡ እንደሚያደርስ ሠረገላ ቆጥረው «ኮች» ብለውታል። የእኛ «መኪና» በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ከግሪክ «ማኻና»፣ ወደ ላቲን «ማኪና»፣ ወደ ጣልያን «ማኪና» ተጉዞ መጣ። ጣልያኖች በዕለት ንግግራቸው አውቶሞቢልን «ማኪና» ስለሚሉ እኛም እንዲሁ አልን።

መኪናው ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ዝምድናው ይበዛል። እኛ «ፍሬን» የምንለውን ስፔኖች «ፍሬኖ» ይሉታል። ላቲኑ «ፍሬኑም» በፈረስ አፍ የሚገባው ልጓም ነው። አማርኛ አንደበቱን የማይገታ ሰውን «ልጓም የለውም» ይለዋል፤ ያገኘውን ሳያስብ የሚናገረውን ደግሞ «ፍሬን የለውም»። ተናጋሪው ሳያውቀው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ተናግሯል። «ማርሽ» ለስፔኖች «ማርቻ» ነው። «ካምቢዮ» በሁለቱም «ካምቢዮ» ነው፤ ለውጥ ማለት ነው፤ በስፔን ዳርቻ ከተሞች ገንዘብ መንዛሪ ቤቶች በር ላይ የሚነበበውም ይኸው ቃል ነው። «ስፖኪዮ» የጣልያኑ «ስፔኪዮ» ነው፤ የስፓኒሹ «ኤስፔኾ» እኅት፤ ሁለቱም ከላቲኑ «ስፔኩሉም» ማለትም መስተዋት ወጥተዋል። «ጎማ» በስፓኒሽ ላስቲክ ነው፤ በግሪክ አድርጎ ከጥንታዊ ግብጽ ቋንቋ የመጣ የዛፍ ሙጫ ስም ነው። «ሹፌር» እና የስፓኒሹ «ቾፌር» ሁለቱም የፈረንሳይ ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ የባቡርን ምድጃ እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ማለት ነበር።

ሁሉም አይገጥምም። «ፍሬቻ» የጣልያን «ቀስት» ነው፤ ስፔኖች «ፍሌቻ» ሲሉ እውነተኛውን ቀስት ወይም የመንገድ ላይ ቀስት ምልክት ማለታቸው ነው፤ የመኪናውን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት «ኢንተርሚቴንቴ» ይሉታል። «ፍሪሲዮን» ብንላቸውም አይገባቸውም፤ የእነሱ ቃል «ኤምብራጌ» ነው። ይህ አለመግጠሙ ራሱ ምስክርነት ነው። ቃላቱ ወደ እኛ የመጡት ከላቲን መጻሕፍት ቢሆን ኖሮ ከሁሉም የላቲን ልጆች እኩል በገጠሙ ነበር። የመጡት ግን ከአሥመራና ከአዲስ አበባ ጋራዦች ስለ ሆነ የጣልያን መካኒክ የተናገረውን ልክ ይከተላሉ፤ እሱ ያላለውን አያውቁትም።

ማደያው

የተከራዩትን መኪና ታንክ ሞልተው መመለስ የተለመደ ግዴታ ነው። በማደያው ስህተት የሚያስከትለው ወጪ ከባድ ስለ ሆነ ቃላቱን ማወቅ ይጠቅማል። «ጋሶሊና» ቤንዚን ነው፤ «ጋሶሌኦ» ናፍጣ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል የሚያሳስቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማደያ ላይ ቤንዚን በክብ ውስጥ፣ ናፍጣ በአራት ማዕዘን ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል፤ በአዲስ መኪኖች ታንክ ክዳን ላይም ያው ምልክት አለ።

«ናፍጣ» በጣልያን በኩል የመጣ የግሪክ ቃል ነው፤ ግሪኮች ደግሞ ከምሥራቅ ወሰዱት፣ ጥንታዊው አካድኛ «ነፕጡ» ይለዋል። ይኸው ቃል ግን ጣልያን ከመምጣቱ ብዙ ቀድሞ በሌላ በር ወደ እኛ ገብቶ ነበር። ዐረቦች «ነፍጥ» የሚቀጣጠለውን ዘይት፣ በኋላም ባሩዱን ይሉ ነበር፤ እኛ ባሩድ የሚተኩሰውን መሣሪያ «ነፍጥ» አልነው። «ነፍጥ» በዐረብኛው መንገድ፣ «ናፍጣ» በጣልያንኛው መንገድ የመጡ አንድ ቃል ናቸው። በአማርኛ ውስጥ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ስፓኒሽ ተናጋሪ ወደ ሆነችው አርጀንቲና የሚሄድ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እዚያ «ናፍታ» ቤንዚን ነው።

«ቤንዚን» ከካርል ቤንዝ ስም የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዘመኑ አይፈቅድም። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አይልሃርት ሚቸርሊሽ ይህን ስም ለአንድ ፈሳሽ የሰጠው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ካርል ቤንዝ የተወለደው በ1844 ነው፤ የመኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበውም በ1886። ሚቸርሊሽ ፈሳሹን ያገኘው ከቤንዞይክ አሲድ ነው። አሲዱ ስሙን ያገኘው «ቤንዞይን» ከተባለ ዕጣን ነው፤ ስፔኖች «ቤንኹዊ» ይሉታል። ይህ ደግሞ የዐረብኛው «ሉባን ጃዊ» ነው፤ የጃዋ ዕጣን። የካታላንና የጣልያን ነጋዴዎች «ሉ» የምትለዋን የራሳቸው መስተአምር መስላቸው ቆርጠው ጣሏት፤ የቀረው «ባንጃዊ» ወደ «ቤንኹዊ» ተለወጠ። አማርኛ ግን ቃሉን ሳይቆርጥ ተቀበለ፤ «ሉባንጃ» ብሎ። ቡና ሲፈላ ፍሙ ላይ የሚጨመረው ሉባንጃና ከደጅ የቆመው መኪና የሚጠጣው ቤንዚን የአንድ ዕጣን ስም ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው።

የሞተር ዘይት የሚፈልግ ደግሞ «አሴይቴ» ይበል። ዐረብኛው «አዝ-ዘይት» ነው፤ ግዕዝም «ዘይት» ይለዋል። ስፔኖች ዛፏን በላቲን ስም «ኦሊቮ»፣ ፍሬዋንና ዘይቷን ግን በዐረብኛ «አሴይቱና» እና «አሴይቴ» ይሏቸዋል። ፍሬዋን «ዘይቱን» የሚለው ይኸው ስም አገራችን ደርሶ በሌላ ፍሬ ላይ ዐርፏል፤ ገበያችን ላይ ዘይቱን ያለ ሰው ጉዋቫ ይመዘንለታል።

ጎዳናውና ከተሞቹ

በአንደበታችን «ፒስታ» አስፋልት ያልለበሰ የጠጠር መንገድ ነው። በስፔን «አውቶፒስታ» ከመንገድ ሁሉ የተሻለው ነው፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት። ሁለቱም የጣልያኑ «ፒስታ» ናቸው፤ እግር ረግጦ ረግጦ ያወጣው ዱካ። የእኛ አጠቃቀም ለመጀመሪያው ትርጉም ይቀርባል። ስፔኖችም የጫካ ጥርጊያ መንገድን ብቻውን «ፒስታ» ይሉታል፤ የኪራይ ውሎችም ብዙ ጊዜ መኪናውን እንዲህ ባለ መንገድ መንዳት ይከለክላሉ። የመንገድ ክፍያው «ፔያኼ» ከላቲኑ «እግር» ይወጣል፤ በሰው መሬት እግር ለማሳረፍ የሚከፈል ዋጋ ነበር። በሜዲትራኒያን ዳርቻ በሚሄደው አውቶፒስታ ላይ ከታራጎና እስከ አሊካንቴ ያለው ክፍያ ከ2020 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል፤ የካታሎኒያውም በ2021 ተነሥቷል። ከማላጋ ወደ ምዕራብ በኮስታ ዴል ሶል የሚወስደው ግን አሁንም ያስከፍላል፤ ክፍያውን የማይፈልግ ከጎኑ ባለው ነጻ መንገድ ይሄዳል።

የከተሞቹ ስም ሌላ ሰፊ ጉዳይ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ ላንሣ። ካስተሎን አጠገብ ያለችው ቤኒካሲም «የቃሲም ልጆች» ናት፤ «ቤኒ» የተባለው ዐረብኛ በእኛው «ቤኒሻንጉል» መነሻ ላይ ያለው ነው። አልኼሲራስ «አል-ጀዚራ» ናት፤ ደሴቲቱ ማለት ነው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ስም። አልሜሪያ ከ«ረአ» ማለትም «አየ» የወጣች የመጠበቂያ ማማ ናት፤ ግዕዙ «ርእየ» ይላል፤ «ራእይ»ም ከዚያው ነው። «ራምብላ» ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚከርም፣ በመጸው ዝናብ ግን በደቂቃዎች የሚሞላ አሸዋማ የወንዝ ወለል ነው፤ በዐረብኛ «ረምላ» አሸዋማ ቦታ ነው፤ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት የእስራኤሏ ራምላ ስም። መኪናውን በራምብላ ውስጥ አቁሞ መሄድ ግን በመጸው ወራት ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

ሊጻፉ የሚገባቸው ቃላት

ከላይ የተዘረዘሩት ቃላት አብዛኞቹ በቤተ ክህነት ወይም በቤተ መንግሥት ያልተወለዱ ናቸው። ኪራይን፣ ቅፍለትን፣ ታሪፍን ያመጡልን ነጋዴዎች፣ ሉባንጃን ያመጡልን ሽቶ ሻጮች፣ ፍሬንና ካምቢዮን ያመጡልን እጃቸው በዘይት የተነከረ ሠራተኞች ናቸው። ስፔን የበቅሎ ነጂዎቿን ቃላት ታሪክ ዛሬ አውቃ የምትናገረው በ1505 የታተመ የተራ ሰዎች መዝገበ ቃላት ስላለ ነው። እኛም ታላላቅ መዝገበ ቃላት አሉን፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም.፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተሙት ሥራዎች የሥርወ ቃል ጥናታችን ምሰሶዎች ናቸው። የጋራዡ ቋንቋ ግን እንደ ግዕዙ ተጠንቅቆ የሚሰበስበው አላገኘም። ብዙ ሰው የጣልያን ቃል የሞላበትን የመካኒክ ንግግር እንደ ተበላሸ አማርኛ ይቆጥረዋል፤ ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። «ታርጋ» የፍራንኮችን ጋሻ፣ «ናፍጣ» የአካዶችን ዘይት ይዞ የሚኖር ቃል ነው፤ ዕድሜውም ታሪኩም ክብር ይገባዋል።

ከጣልያኖቹ ጋር አብረው የሠሩት መካኒኮች አልፈዋል፤ ከእነሱ የተማሩትም አርጅተዋል። አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ የእንግሊዝኛና የቻይንኛ ስም ይዘው እየመጡ ነው። አባቱ ወይም አጎቱ በድሮ ጋራዥ የሠራ አንባቢ ካለ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ የየዕቃውን ስም፣ ማን እንዳስተማራቸውና የት ጋራዥ እንደ ሰሙት ይጻፍ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ተቋማትም እነዚህን ቃላት ከነሥራቸው ያስገቡ።